ሽቦው የተበየደበት ቦታ፦ የእታባ የሕይወት ታሪክ

ታናናሾቻቸው «እታባ»፣ ተማሪዎቻቸው ደግሞ ከጀርባቸው «እማማ ፓምፕ» እያሉ የሚጠሯቸው የፊዚክስ መምህርና ተመራማሪ፣ ከሬዲዮ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በምትገኝ ባለሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩ፤ ከእርሳቸው በኋላ አንድ እህትና አንድ ወንድም ተከትለዋል።

የቤቱ የፊት ክፍል ለሁለት ሙያ የተከፈለ ነበር። በመስኮቱ በኩል የእናታቸው የስፌት መኪና፣ በበሩ በኩል ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች የተደረደሩበት የአባታቸው ጠረጴዛ ይገኛል። ወለሉ ሁልጊዜ እስፒል ነው። ልጆቹ እየረገጡት ሲያለቅሱ አባታቸው ከተቀደደ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ነቅለው፣ በሲባጎ አስረው ለትልቋ ልጅ ሰጡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከእራት በፊት ማግኔቱን ወለሉ ላይ እየጎተቱ እስፒል መልቀም የእታባ ሥራ ሆነ።

ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላቸው ነው፤ አንድ ቀን ከማግኔቱ ላይ የተንጠለጠለ እስፒል የጋዝ ምድጃው ነበልባል ላይ ያዙ። እስፒሉ እንደ ፍም ቀላ፤ ወዲያው ማግኔቱን ለቅቆ የጠረጴዛውን ላስቲክ እያቃጠለ ወደቀ። እናታቸው መቀሳቸውን እንደያዙ ብድግ አሉ።

«ቤቱን በቁሙ ልታነጂው ነው እንዴ፣ አንቺ ልጅ?»

አባታቸው ግን የሚጠግኑትን ሬዲዮ ገፋ አድርገው «ቆይ፣ ቆይ። እስቲ ድገሚው» አሉ። ደገሙት። እስፒሉ እንደገና ወደቀ። «ለምንድን ነው አባዬ?» ብለው ሲጠይቁ፣ አባታቸው ትንሽ አሰቡና «እኔም አላውቅ» ብለው መለሱላቸው። እታባ ይህን ታሪክ ሲያወሩ እስፒሉ ላይ ብዙም አይቆዩም ነበር። ከሁሉ የገረማቸው አባታቸው አላውቅም ማለታቸው ነው። ከዚያ በፊት የማያውቁት ነገር ያለ አይመስላቸውም ነበር።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤቶች ተከታተሉ። በሒሳብ ጎበዝ፣ በቀረው መካከለኛ፣ በእጅ ሥራ ደግሞ የልብስ ሰፊ ልጅ መሆናቸውን የሚያሳፍር ውጤት ነበራቸው። በከተማው ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አጥንተው በጥሩ ውጤት ከተመረቁ በኋላ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ሩቅ አገር ሄዱ። እዚያም እስከ ዶክትሬት ድረስ ተማሩ።

የተማሩት ነገር ለዘመድ ለማስረዳት አስቸጋሪ ቢሆንም እርሳቸው ማስረዳት አይታክታቸውም ነበር። ማንኛውም ኤሌክትሮን ስፒን የሚባል ጠባይ አለው፤ ኤሌክትሮኑን እንደ ኢምንት ማግኔት የሚያደርገውም ይኸው ነው። ማግኔት በምንለው ብረት ውስጥ እነዚህ ኢምንት ማግኔቶች ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው ይሰለፋሉ። ሙቀት ሲበዛ ሰልፉ ይፈርሳል፤ እስፒሉ የወደቀው ለዚህ ነው። ጋዶሊኒየም የሚባለው ብርቅዬ ብረት ግን ለመፍረስ እሳት አያስፈልገውም። የክፍል ሙቀት ይበቃዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት ሲመጡ ከዚህ ብረት ጥፍር የምታህል ቁራጭ በትንሽ ጠርሙስ ይዘው መጡ። በበረዶ ውኃ አቀዝቅዘው ከአባታቸው ማግኔት ጋር አጣበቁትና እናታቸውን «በእጅሽ ክበቢው» አሏቸው። እናታቸው እየፈሩ ከበቡት። ጥቂት ቆይቶ ቁራጩ መዳፋቸው ላይ ዱብ አለ።

«እኔን ፈርቶ ነው?»

«የእጅሽ ሙቀት ነው፣ እማዬ።»

«ይሄማ ምኑን ብረት ሆነ! ቅቤ ነው እንጂ።»

እታባ በሕይወታቸው ሙሉ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ እርሱም ስለዚህ ብረት ገጽ ነው። በብረቱ ሆድ ውስጥ ያለ አቶም በዙሪያው ሁሉ ጎረቤት አለው። በመጨረሻው ንጣፍ ላይ ያለው ግን ከጎንና ከሥር እንጂ ከበላዩ ማንም የለውም። እንግዲህ ሙቀቱ ሲጨምር ይህ ጎረቤት የጎደለው ንጣፍ ሰልፉን ከሌላው ቀድሞ ይለቃል? ወይስ ይዞ ይቆያል? አብዛኛው ሰው ቀድሞ ይለቃል ብሎ ይገምት ነበር። እታባ ማወቅ የሚቻለው በመለካት ነው አሉ። መለካት ደግሞ ቀላል አይደለም። ገጹ በአየር ውስጥ በቅጽበት፣ በጥሩ ቫኪዩም ውስጥ እንኳ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቆሽሻል። ስለዚህ አየር በሌለበት የብረት ጎታ ውስጥ፣ በተንግስተን ክሪስታል ላይ አዲስ የጋዶሊኒየም ንጣፍ ይሠራሉ፤ ብርሃን አብርተው ከገጹ ኤሌክትሮኖችን ያስወጣሉ፤ ኤሌክትሮኖቹን ከስስ የወርቅ ቅጠል ጋር አጋጭተው ስንቱ ወደ ግራ፣ ስንቱ ወደ ቀኝ እንደተበተነ ይቆጥራሉ። ከዚያ ልዩነት ስፒኑ ወዴት እንደተሰለፈ ይታወቃል። ይህን ሁሉ ገጹ ሳይቆሽሽ ለመጨረስ ይጣደፋሉ። ችኮላቸው ከዚያ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ እናታቸው ግን «እሷ ሆዴ ውስጥም ቸኩላ ነበር» ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ለምን እንደተመለሱ ቤተሰቡ ዛሬም አንድ መልስ የለውም። ለእናታቸው «ናፍቃችሁኝ ነው» ብለዋል። ለዩኒቨርሲቲው ደግሞ እዚያ ሊጣል የነበረ አሮጌ ማሽን በነፃ ስላገኙ እንደሆነ ተናግረዋል። ለወንድማቸው የሰጡት መልስ ከሁለቱም ይለያል፦ «እዚያ ሆኜ እዚህ ያለውን፣ እዚህ ሆኜ እዚያ ያለውን አስባለሁ። የትም ሙሉ አይደለሁም። እዚህ ቢያንስ ስበሳጭ የምናገረው ቃል አላጣም።» ሄዶ የተመለሰ ሰው ይህን ይረዳል። ያልሄደ ሰው ግን ቅብጠት ሊመስለው ይችላል፤ ምናልባትም ትንሽ ቅብጠት ነበረበት።

ማሽኑ በሳጥን ተጭኖ መጣና በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት፣ ከቦይለሩ አጠገብ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ተተከለ። ሳጥኖቹን የከፈቱት የዩኒቨርሲቲው ብየዳ ቴክኒሻን ነበሩ፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከተናገሩ ግን የሚያስቁ ሰው። ማሽኑን ዞር ዞር ብለው አዩና፦

«ይሄ ድስት ምን ያበስላል?»

«ምንም። ውስጡ ባዶ እንዲሆን ነው የምንደክመው።»

«ለባዶ ነገር ይሄ ሁሉ?»

«ባዶ ማድረግ ከመሙላት ይከብዳል» አሉ እታባ። ቴክኒሻኑ «የኔን ኪስ አላዩትም ማለት ነው» ብለው መለሱ። በዓመቱ ተጋቡ። አንድ ሴት ልጅም ወለዱ።

ስለ ፓምፑ ሳይነገር የእነዚህ ሰዎች ትዳር አይነገርም። የማሽኑን አየር የሚያወጣው ፓምፕ ቀንና ሌሊት መሥራት አለበት። ከቆመ አየር ይገባል፤ አየር ከገባ ማሽኑ በሙሉ በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ ለቀናት መሞቅ አለበት። ይህን «መጋገር» ይሉታል። አንድ ጊዜ እናታቸው ስልክ ደውለው ቴክኒሻኑ «እየጋገረች ነው» ሲሏቸው፣ «ታዲያ ለኛ አይላክም?» ብለው ተቀይመዋል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ እንዳይቆም ባለቤታቸው ከመኪና ባትሪዎች መጠባበቂያ ሠሩለት። እታባ ክፍል ውስጥ እያስተማሩ ድንገት ዝም ብለው ጆሯቸውን ወደ ወለሉ ያዘነብላሉ። ተማሪዎቹም ዝም ይላሉ። የፓምፑ ድምፅ ከታች መሰማቱን ሲያረጋግጡ ካቆሙበት ዓረፍተ ነገር ይቀጥላሉ። «እማማ ፓምፕ» የተባሉት በዚህ ነው።

በዚያች ክፍል ብዙ ዓመት ከለፉ በኋላ ስማቸውን ያስጠራውን ውጤት አገኙ። የብረቱ ሆድ ሰልፉን ከለቀቀ በኋላም ገጹ አሥራ ስምንት ዲግሪ ያህል አልፎ ሰልፉን ይዞ ይቆያል። ጎረቤት የጎደለው ንጣፍ ከሌላው ይበልጥ ጸና ማለት ነው። ውጤቱ በታወቀ መጽሔት ታተመ፤ በየአገሩ ለጉባኤ ተጋበዙ፤ ምድር ቤቱም አዲስ በርና አዲስ ቀለም አገኘ። ቤተሰቡ ነገሩ ባይገባውም ደስ አለው። አባታቸው በመጨረሻው ዘመናቸው ለጎበኛቸው ሁሉ «ልጄ፣ ውስጡ የተረታ ብረት ላዩ እንደማይረታ አሳየች» ይሉ ነበር። እታባ «እንደሱ አይደለም አባዬ» ይላሉ እንጂ ፊታቸው ይፈካ ነበር።

ልጃቸው ያደገችው በዚያው ምድር ቤት ነው። ከተረፈ አሉሚኒየም ወረቀት አሻንጉሊት እየሠራች፣ በፓምፑ ድምፅ ጠረጴዛ ሥር እንቅልፍ እየወሰዳት አደገች። እርሷም ፊዚክስ ተማረች፤ እርሷም ሩቅ አገር ሄደች። ዶክትሬቷን የሠራችው ገጹ ለምን ይበልጥ እንደሚጸና በስሌት በማስረዳት ነው። የእናቷ ቁጥር የሥራዋ መሠረት ነበር። ስሌቷ ከዚያ ቁጥር ጋር ገጥሞ ስለተገኘ ተወደሰች። እታባ ከዚያ በኋላ ስለ ገጹ ሲናገሩ «ልጄ እንዳሳየችው» ማለት ጀመሩ።

ከሰባት ዓመት በፊት ባለቤታቸው በሥራ ላይ እንዳሉ ልባቸው ቆሞ ሞቱ። የተገኙት በማሽኑ ጎን ወለሉ ላይ ነው፤ መፍቻ በእጃቸው ነበር። እታባ ከቀብር በኋላ በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ተመለሱ። ብዙ ሰው ይህን አልወደደም፤ ጨካኝ ናቸው ተባለ። በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ ሟች ሁሉ የዋህ ይሆናል፤ እታባ ግን የዋህ አልነበሩም። በቁጣቸው ትምህርት ያቋረጡ ተማሪዎች አሉ። ይቅርታ መጠየቅ አይችሉበትም ነበር፤ በምትኩ ሻይ ያፈላሉ።

ባለቤታቸው ከሞቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በማሽኑ ውስጥ ያለው የማሞቂያ ሽቦ ተቃጠለ። እስከዚያ ድረስ ማሽኑን የሚከፍቱት፣ ውስጡን የሚነኩት ባለቤታቸው ነበሩ። እታባ ፓምፑን አቁመው ራሳቸው ከፈቱት። ክሪስታሉን የያዘውን ብረት በጓንት አውጥተው መብራት ሥር ሲያዩት፣ ከማሞቂያው የተነነ ጥቁር ቅብ ያረፈው መያዣው ላይ እንጂ ክሪስታሉ ላይ እንዳልነበር ተመለከቱ። ሙቀት የሚለካው ቀጭን ሽቦም የተበየደው እዚያው መያዣው ላይ ነው።

የዚህን ትርጉም ለማየት ጊዜ አልወሰደባቸውም። የብረቱን ሆድና የብረቱን ገጽ የሚለኩት በማሽኑ ሁለት የተለያዩ መስኮቶች ፊት ነበር። ክሪስታሉን የሚያዞረው ክንድ ወደ ሁለተኛው መስኮት፣ ኤሌክትሮን ወደሚቆጠርበት ሲዞር፣ ማሞቂያው ከክሪስታሉ ይልቅ ለመያዣው ይቀርባል። ስለዚህ ሽቦው የሚነግራቸው የመያዣውን ሙቀት ነበር። ንጣፉ ራሱ ገና ቀዝቃዛ ነው። ገጹ አሥራ ስምንት ዲግሪ ጸንቶ ሳይሆን፣ አሥራ ስምንት ዲግሪ ገና ሳይደርስበት ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ክሪስታሉን ለማጽዳት ነጭ እስኪሆን ማጋል የግድ ነው፤ እዚያ ላይ የተበየደ ሽቦ ይበጠሳል። ሽቦውን መያዣው ላይ ማድረግ ማንም ብልህ ሰው ሊያደርገው የሚችል ነገር ነበር።

ማሞቂያውን ተክተው፣ አዲስ የሙቀት መለኪያ ሽቦ አስመጥተው ከክሪስታሉ ጠርዝ ላይ ራሳቸው በየዱ። ሲጋል ተበጠሰ። ደገሙት። ተበጠሰ። በመጨረሻ ሲይዝላቸው ማሽኑን ዘጉ፣ ጋገሩ፣ አዲስ ንጣፍ ሠሩ፣ ለኩ። ልዩነቱ የለም። ገጹና ሆዱ ሰልፋቸውን የለቀቁት አንድ ላይ ነው።

በእነዚያው ሳምንታት ውስጥ ሆዳቸውን ሲያማቸው ቆይቶ ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። ቆሽታቸው ላይ ካንሰር እንዳለና ከአንድ ዓመት የሚያልፉ እንደማይመስል ተነገራቸው። ይህን የነገሩት ለማንም እንዳይናገሩ ቃል ላስገቧቸው ለወንድማቸው ብቻ ነው።

ከዚያ ለልጃቸው ደወሉ። ስለ ሽቦው ነገሯት። ወንድማቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበርና ንግግሩን ሰምተዋል። ልጃቸው መጀመሪያ ሽቦው የት ላይ እንደነበረ ደግማ ጠየቀች። ከዚያ፦

«እማዬ፣ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። አሁን ልጽፍ ነው። ያልነው ነገር ትክክል አልነበረም ብዬ።»

«ቋሚ የመምህርነት ቦታ ሊሰጡኝ እያዩኝ ነው እኮ። ዘንድሮ ነው። የሚያዩት ደግሞ ያንን ሥራ ነው። አንድ ዓመት ጠብቂኝ። አንድ ዓመት ብቻ! ማን ይሞታል?»

እታባ ወንድማቸውን አዩ። ወንድማቸው በእጃቸው «ንገሪያት» አሉ። አልነገሯትም።

«አልችልም» አሉ። «ሰው በዚያ ቁጥር ላይ እየሠራ ነው። ጊዜውን እየጨረሰ ነው።»

«እኔስ ሰው አይደለሁም?»

«አንቺማ ልጄ ነሽ።»

«እሱን ነው የምልሽ!» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ወንድማቸው ለምን እንዳልነገሯት ሲጠይቋቸው፣ «ብነግራት እሺ ትላለች። አዝናልኝ እሺ ትላለች። ነገሩ የሐዘን ጉዳይ አይደለም፤ የሽቦ ጉዳይ ነው» ብለው መለሱ። ቤተሰቡ በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ ለሁለት ተከፍሏል። እህታቸው ትዕቢት ነው ይላሉ። ወንድማቸው ንጽህና ነው ይላሉ። ሁለቱም በተለያየ ቀን አሳባቸውን ይለውጣሉ።

በዚያው ወር ሥራቸውን የሚሰርዝ ጽሑፍ ለመጽሔቱ ላኩ። የዩኒቨርሲቲው ዲን ቢሯቸው ድረስ አስጠርተው፣ «ዶክተር፣ ቢያንስ ስሕተቱ የቴክኒሻኑ መሆኑን ይግለጹት፤ የእርስዎንም የእኛንም ስም ያድናል» ብለዋቸው ነበር። እታባ ተነሥተው ወጡ። በታተመው አጭር ጽሑፍ ላይ «ሽቦው መያዣው ላይ እንዲበየድ የወሰንኩት እኔ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። በዚያን ጊዜ አብረዋቸው የሠሩ አንድ ባልደረባ ግን የሚያስታውሱት ሌላ ነው፤ ባለቤታቸው ናቸው «ክሪስታሉን ብነካው ትገይኛለሽ፣ መያዣው ላይ ልበይደው፤ ዞሮ ዞሮ አንድ ብረት ነው» ያሉት ይላሉ። የትኛው እውነት እንደሆነ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ቀድመው ተቀበሩ፤ ሁለተኛዋን ዛሬ እንቀብራለን።

ልጃቸው ቦታውን አላገኘችም። ስልክም አልደወለችም። እታባ ከማስተማር ቢገለሉም ጉልበታቸው እስከፈቀደ ድረስ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዱ ነበር። ተማሪ አልነበራቸውም፤ በጀት አልነበራቸውም። ፓምፑን አዳምጠው፣ ባትሪዎቹን አይተው ይመለሳሉ። ሐኪሙ የሰጧቸው ዓመት አለፈ። ሌላ ግማሽ ዓመትም ተጨመረ። ሐኪሙ ተገረሙ፤ ወንድማቸው ደስ አላቸው። እታባ ግን ያ ዓመት ሲያልፍ አንድ ቀን ሙሉ ከማንም ጋር ሳይነጋገሩ ዋሉ።

ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ወንድማቸው ቃላቸውን አፍርሰው ለልጃቸው ደወሉ። መጣች። ከአውሮፕላን ማረፊያው ግን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል አልሄደችም፤ ከአጎቷ ቤት ሻንጣዋን አስቀምጣ የምድር ቤቱን ቁልፍ ጠየቀች። አጎቷ «እናትሽ እኮ እየሞተች ነው!» ብለው ጮኹባት። «አውቃለሁ፣ አጎቴ» አለች። «ሳላይ ግን ምን እላታለሁ?» ማሽኑን ከፈተች፤ የእናቷን ብየዳ አፍርሳ እንደ አዲስ በየደች፤ ጋገረች፤ ለካች። እህታቸው በዚህ ምክንያት አላናገሯትም። ወንድማቸው በየቀኑ ምግብ ይዘው ምድር ቤቱ በር ላይ ይተዉላት ነበር። በሆስፒታሉና በምድር ቤቱ መካከል እየተመላለሱ፣ እናቲቱን «በረራው ዘገየ» እያሉ ይዋሿቸው ነበር።

ሆስፒታል የሄደችው ለክታ በጨረሰችበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። እታባ ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ ያዩት እጇን ነው። ጣቶቿ በአሉሚኒየም ወረቀት ጠርዝ ተጫጭረዋል። ያን ጭረት ማሽን የጋገረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«ምድር ቤት ነበርሽ» አሏት።

«ነበርኩ።»

«ሽቦው የት ላይ ነው?»

«ክሪስታሉ ላይ። ራሴ በየድኩት።»

«አልተበጠሰብሽም?»

«ሁለት ጊዜ።»

«እኔም ሁለት ጊዜ። እና?»

«አንድ ላይ ወደቁ፣ እማዬ።»

እታባ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሏቸው ወንድማቸው መጋረጃውን ሊስቡ ሲነሡ እንደገና ተናገሩ።

«አንድ ዓመት ነበረኝ ለካ።»

ልጃቸው «አውቃለሁ» አለች።

ይህ ይቅርታ ይሁን፣ ወይስ የተሳሳተን ቁጥር የማረም የዘወትር ልማዳቸው፣ በቦታው የነበሩት ወንድማቸው እርግጠኛ አይደሉም። ልጃቸውም አልጠየቀችም። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆዩ፤ ማን የማንን እጅ እንደያዘ ከበሩ አይለይም ነበር።

እታባ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ፣ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው አጠገባቸው ነበረች።

በሞት የተለዩን እታባ አንዲት ሴት ልጅ፣ አንድ እህት፣ አንድ ወንድም፣ የወንድምና የእህት ልጆች፣ በየአገሩ የተበተኑ ተማሪዎች፣ ከእነዚያም መካከል ያኮረፉና ያላኮረፉ ትተው አልፈዋል። የፍለጋቸው ፍጻሜ በመጽሔቱ የመጨረሻ ገጾች ላይ የወጣ አንድ አጭር አንቀጽ ነው። ቤተሰቡ ከዚያ በፊት የታተመውንና የተጨበጨበለትን ረጅም ጽሑፍ በመስታወት አሠርቶ ሳሎን ሰቅሎት ነበር። በዚህ ሳምንት ልጃቸው አወረደችውና አጭሩን አንቀጽ በቦታው ሰቀለች። የሚያልፍ ሰው ምንነቱ አይገባው ይሆናል።

ዩኒቨርሲቲው ምድር ቤቱን ለዕቃ ማከማቻ ስለሚፈልገው ማሽኑ በዚህ ወር ይነሣል። ፓምፑ እስከ አሁን እየሠራ ነው። ልጃቸው ዛሬ ከቀብር በኋላ ወርዳ ታጠፋዋለች፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው ጠይቃለች። አብሯት መሆን የሚፈልግ ዘመድና ተማሪ ካለ በሩ ክፍት ነው። ምንም ሥርዓት የለውም። ድምፁ ሲቆም መስማት ብቻ ነው።

የሰውን ልፋት ሳያጎድልና ሳይጨምር የሚለካ ፈጣሪ፣ የሠሩትን ያፈረሱትንም አንድ ላይ ቆጥሮ የእታባን ነፍስ ያሳርፍ፤ ቀድመዋቸው ከሄዱት ከወላጆቻቸውና ከባለቤታቸው ጋር ያገናኛቸው። ለቀረነውም፣ በተለይ ለልጃቸው፣ የሚበቃ ጊዜ ይስጠን።